ውሃው መውጫ ያጣበት ክረምት

ደሴ፣ ማለዳ

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ሆኜ የጦሳን ተራራ ካየሁት ሰነባብቻለሁ፤ ጉሙ ውጦታል። ሌላው ሰው እንዲህ ባለ ጠዋት ብርድ ልብሱን ይከናነባል። እኔ ግን ቆርቆሮው በጮኸ ቁጥር ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያለው ስንዴ እየታየኝ መቀመጥ አቃተኝ።

የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው ከኮምቦልቻ በታች ባለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ያ አፈር ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሲዘንብበት ደግሞ ውሃውን ይዞ አለቅም ይላል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ያሳድረውና ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይዘራበታል። በሰኔ ጥቂት ቤተሰቦችን ለምኜ፣ መሬቱን ከፍ ባለ መደብ አዘጋጅተው፣ በመደቦቹ መሀል የውሃ መውረጃ ቦይ አውጥተው፣ ስንዴውን በጊዜ እንዲዘሩ አግባብቻቸው ነበር። ዝናቡን በልኩ የጠገበ ስንዴ ዘግይቶ ከተዘራው የተሻለ ያፈራል። ወሎን የፈጀው ያ የረሀብ ዘመን ካለፈ ግን ገና ብዙ አልቆየም። ለዘር ያወጡት እህል ከልጆቻቸው አፍ የተቀነሰ ነው። ይህን እያሰብኩ ነው ከቤት የወጣሁት።

ሰኞ ገበያ ጭቃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነበር። ሴቶች ላስቲክ ተከናንበው ጎመንና ቃሪያ ይሸጣሉ። አውቶቡሱ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አፈር ተንዶ መንገድ ዘግቷል ተብሎ አልወጣም። ጨው የጫነ አንድ ፊያት የጭነት መኪና ግን ሊሞክር ተነስቷል። ሹፌሩ የወትሮውን ዋጋ እጥፍ ጠየቀኝ።

«ናዳውን ካላለፍክስ?» አልኩት።

«ካላለፍኩ በእግርሽ ትመለሻለሽ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ሐረጎ

ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴን ገልብጠው አይተው ለቀቁን። ቁልቁለቱ ላይ ጉሙ መስተዋቱን ሸፍኖት ረዳቱ ከመኪናው ፊት ፊት እየሄደ በእጁ ያመለክታል። ናዳው ጋ ስንደርስ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ድንጋይ ያነሳ ጀመር። እኔም አነሳሁ። እጄ ሥራ ሲያገኝ ልቤ ትንሽ ረጋ። መኪናው በገደሉ አፋፍ እየተንፏቀቀ አለፈና ወደ ሙቀቱ ወረድን።

ኮምቦልቻ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ይተናል። ቆሜ ሻይ በፓስቲ ቀማመስኩና ከመንገዱ ወጥቼ በማሳዎቹ መሀል በእግሬ ገሰገስኩ።

ማሳው ላይ

ሸህ ይመር ከሩቅ አዩኝ። በሰኔ እሺ ለማለት የመጨረሻው እሳቸው ነበሩ። በድርቁ ጊዜ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ቀብረዋል። ያኔ «ዱዓ አድርገን ያለቀስንበትን ውሃ አሁን ከማሳዬ ላባርረው?» ብለውኝ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሸህ ይመር።»

«ወአለይኩም ሰላም። መጣሽ ልጄ? ነይ፣ ጉዱን እይው።»

የመደቦቹ አናት ላይ ስንዴው አረንጓዴ ነው። ቦዮቹ ግን ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ውሃው ንቅንቅ አይልም። ወደ ታች ሲኬድ ቅጠሉ ቢጫ ነው። በመሀሉ ሙጃው እንደ ልቡ ተንሰራፍቶ ስንዴውን በልጦታል። ልነቅለው ስገባ እግሬ እስከ ባቴ ሰጠመ፤ ሳወጣውም ስንዴ ነቅሎ መጣ። ውሃው ሳይወጣ ማረም አይቻልም፤ አረሙ ካልወጣ ደግሞ የተረፈውም ስንዴ ይታነቃል።

ከሳቸው ማሳ በታች ያለው የዘምዘም ነው። ባሏ ዘምቷል፤ በሬ ተውሳ ያረሰችው እሷ ነች። ስደርስ ማሳዋ ዳር ቆማ ወደ ታች ትመለከታለች።

«ያ ክትር ነው የገደለኝ» አለችኝ በእጇ እያሳየች።

በሰኔ ውሃው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መሬት ጠርዝ አልፎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርድ ነበር። እኔ ከሄድኩ በኋላ የኅብረቱን በቆሎ ጎርፍ እንዳይነካው ተብሎ ረጅም የአፈር ክትር ተሠርቷል። ከላይ የሚመጣው ውሃ ሁሉ እዚያ ቆሞ ወደ ዘምዘምና ወደ ሸህ ይመር ይመለሳል።

ሊቀመንበሩ

የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር አቶ መኮንንን በጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ አገኘሁት። ጎልማሳ ነው፤ ሲናገር ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ያያል።

«ክትሩ ይከፈት» አልኩት። «በጠርዙ አንድ ቦይ ይበቃል።»

«ክትሩ ከአውራጃ በመጣ ትእዛዝ ነው የተሠራው፣ ጓድ። ሰው ልኬ ፈቃድ ልጠይቅ።»

«መልሱ እስኪመጣ ስንዴው አይቆይም።»

«አንቺ ነገ ወደ ደሴ ትመለሻለሽ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፀረ አብዮት ነው ቢሉኝ እዚህ የምገኘው እኔ ነኝ። አራት ልጆች አሉኝ።»

ያን ቀን ዘምዘም ቤት አደርኩ። የማሽላ ቂጣ በአጓት አቀረበችልኝ። እንደገና መዝነብ ሲጀምር ሁለታችንም ማኘክ አቆምን።

«አብሽሪ» አለችኝ፤ እሷን ማጽናናት የነበረብኝን እኔን።

ጡሩንባው

ጠዋት ለኅብረቱ በቆሎ አረም ጡሩንባ ተነፋ። ያገሩ ሰው ዶማና መኮትኮቻ ይዞ ተሰበሰበ። እኔ ቀድሜ ክትሩን ልፈትሽ ሄጄ ነበር። ከግርጌው ደፍራሽ ውሃ ማዠት ጀምሯል፤ አንዱ ጎን ሆዱ ተነፍቷል። እየሮጥኩ አቶ መኮንንን ጠራሁትና አሳየሁት።

«ይህ ዛሬ ወይም ነገ በራሱ ይናዳል። ያኔ በቆሎውን ጠርጎት ይሄዳል።»

ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ነካ። አፈሩ እንደ ቡኮ ገባለት። ሰዉ ዙሪያውን ከበበው። ዘምዘም ከመሀል ወጣች።

«አያ መኮንን፣ ቦዩን እኛ እንቆፍራለን። የኅብረቱንም አረም ሳንጨርስ ወደ ቤት አንገባም። አንቱ ብቻ አትከልክሉን።»

አቶ መኮንን ወደ መንገዱ አየ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ካፖርቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ አኖረና ከአጠገቡ ካለው ሰው ዶማ ተቀበለ።

«ማን አዘዘ ቢሏችሁ መኮንን ነው በሉ» አለ።

ቦዩን ቆፍረን ክትሩን ስንከፍት በቆሎው በጠርዙ ትንሽ ተጎዳ። ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ፤ ከዚያ አፈሩን እየበላ ሰፋና እየጮኸ ወደ ቦርከና ወረደ። ላይ ያሉት ቦዮች ተራ በተራ ሲጎድሉ ቆመን አየን። ሸህ ይመር በመሐረባቸው ፊታቸውን ይጠርጋሉ።

«ወላሂ፣ ውሃ ሲሄድብኝ ደስ ይለኛል ብዬ አላውቅም» አሉኝ።

የኅብረቱ አረም እንደተባለው ያኑ ቀን አለቀ። አፈሩ እግር እስኪችል ሰነበትኩና ደቦ ወጥተን ሙጃውን ዘር ሳይዝ ነቀልነው። ወገቤ ተቆርጦ የሚወድቅ መሰለኝ፤ እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

መመለሻ

ሐረጎን በአውቶቡስ ወጣሁ። ደሴ ስገባ እናቴ ጭቃዬን አይታ «ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ። «ስንቆፍር» አልኳት። ገና ልብሴን ሳልቀይር ግን አቶ መኮንን ክትሩን በማስከፈቱ ወደ አውራጃ መጠራቱን ሰማሁ። በማግስቱ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ምክሩ የእኔ እንደነበረ፣ ክትሩም ሊናድ እንደነበረ ተናገርኩ። ጥቂት ቀን አቆይተው ለቀቁት፤ ሊቀመንበርነቱን ግን ወሰዱበት።

በመኸር ተመልሼ አየሁ። የሸህ ይመር ስንዴ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ዘምዘም በታችኛው የማሳዋ ግማሽ ስንዴውን ስላጣች፣ አፈሩ የያዘውን እርጥበት ተጠቅማ ሽምብራ ዘርታበት አበባ አውጥቷል። አቶ መኮንን በሸህ ይመር አውድማ ላይ በሬ ይነዳል። ሰላም ስለው ሳቀ፤ ወደ መንገዱም አላየም።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ውሃ ስለማውጣትና ስለ አረም ሳስተምር መደቡንና ቦዩን በማሳየት አልጀምርም። መጀመሪያ ውሃው በማን መሬት እንደሚያልፍ እጠይቃለሁ። ቀጥዬም ማን እንደሚጠየቅበት።