እናቴ የተማረችው የዩክሬን ሰላምታ

እናቴ «ዩክሬንኛ አስተምሪኝ» ያለችኝ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ዕብራይስጡስ? ቋንቋ ማስተማሪያው ኡልፓን ስንት ጊዜ ተቀምጠሽ ሻሎምን ብቻ ይዘሽ አይደል የተመለስሽው!» አልኳት። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። «እኔን የሚያዋራኝ መች አጣሁ? እሷን ነው የሚያዋራት የሌለ» አለችኝ።

«እሷ» የምትለው ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ሴትዮ ነው። አገራቸው ጦርነቱ ሲብስ ሴት ልጃቸው ከዩክሬን አምጥታ እኛ ሰፈር ራማት ኤሽኮል፣ እኛ ሕንፃ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። እዚህም ሮኬት መጣ ብሎ ሲረን ሲጮህ ሁላችንም ታች ወዳለው መጠለያ፣ ሚክላት፣ እንወርዳለን፤ እዚያ ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጡ ነበር። በኋላማ ሰላም በሆነ ጠዋትም በራፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አይጠፉም። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በዩክሬንኛ ያወራሉ። ምን እንደሚባባሉ እንጃላቸው።

እኔም ከፋብሪካ ስመለስ፣ እግሬን ሰቅዬ፣ ከስልኬ ላይ የጀማሪዎችን ትምህርት እየከፈትኩ አስተማሪ ሆንኩ። መጀመሪያ የመጣው «ይህ ልጄ ነው» የሚል ነበር። «ትሴ ሚይ ሲን። ትሴ ይህ፣ ሚይ የኔ፣ ሲን ወንድ ልጅ።»

«'ነው' የታለ?» አለች።

«'ነው' አይሉም እማ። ይህ፣ የኔ፣ ልጅ፤ በቃ።»

«ወይ ጉድ! 'ነው' ሳይባል እንዴት ይታመናል?»

ቀጥሎ «ሻይ እወዳለሁ» መጣ፤ ያ ሊዩብሊዩ ቻይ። እኔ፣ እወዳለሁ፣ ሻይ። እኛ እስከ መጨረሻ የምናቆየውን መውደድ እነሱ መሃል ላይ ያስገቡታል። «ሰው አያንጠለጥሉም፤ ደግ ናቸው» ብላ ፈረደችላቸው። ለታላቅ ሰው እንደኛ አንቱታ እንዳላቸው ስነግራትማ ልትስመኝ ምንም አልቀራት። ዕብራይስጥ አንቱ ስለሌለው እስከ ዛሬ ተቀይማዋለች።

የፈለገችው ግን ሰላምታውን ነበር። በዕብራይስጥ «ማ ኒሽማ»፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ ብሎ የሚያልፍ ሰው ለሷ ሰላም እንዳላለ ነው። እሷ ያደገችበት የጎንደር ሰላምታ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ባል፣ ልጅ፣ ከብቱ ሳይቀር። ሴትዮዋ አንዲት ሴት ልጅ እንዳለቻቸው እናውቃለን። የወታደር ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ልጃቸውንም ፎቶ ለእናቴ አሳይተዋታል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አጠናች። ያክ ቫሻ ዶንካ፣ ሴት ልጅዎ እንዴት ናት? ያክ ቫሽ ሲን፣ ወንድ ልጅዎ እንዴት ነው?

መጀመሪያ ስለ ወንድ ልጃቸው ስትጠይቃቸው ሴትዮዋ ፎቶውን እንደገና አወጡት አሉ። ከዚያ «ዶብሬ» አሏት፤ ደህና ነው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ትጠይቃለች፣ በየጠዋቱ ደህና ነው ይላሉ። «ስለ ወንድ ልጇ ስጠይቃት ፊቷ ይፈካል፤ ብዙ ታወራኛለች። ባይገባኝም እሰማታለሁ» ትለኝ ነበር፣ ኩራቷ አይጣል ነው።

አንድ ቀን የሴትዮዋ ልጅ ደረጃ ላይ አስቆመችኝና በዕብራይስጥ ነገረችኝ። ወንድሟ ጦር ሜዳ ላይ ሞቷል። የሞተው እናቷ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ነው። ክው አልኩ። ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር እጄን ያዘችኝ። «ተዪ፣ ትጠይቃት። እኛ ቤት እናቴ እንዳታለቅስ እያልን ማንም አያነሳውም። እናትሽ ስትጠይቃት ብቻ ነው ስለሱ የምታወራው» አለችኝ።

ምን አለ እዚያው ደረጃ ላይ ብተወው! ግን ያደግንበት ነገር መች ይለቃል? የጎረቤት ሐዘን አውቆ ለቅሶ አለመድረስ ለኛ ነውር ነው። ለእናቴ ነገርኳት። ደረቷን መታች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣችና ሴትዮዋ እግር ሥር ተቀምጣ እዬዬ ብላ አለቀሰች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ሻይ አቀረቡላት፤ ጀርባዋን ሲያሹ ያየሁት እሳቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ወሬው አጠረ። እናቴ የሴት ልጃቸውን ደህንነት ትጠይቅና ወንዱን ሳታነሳ ታቆማለች። ልጅቷ ያለችኝን ደጋግሜ ነገርኳት። «የሞተን ሰው ደህና ነው ወይ ልበላት? ያምሻል እንዴ አንቺ!» ብላ ተቆጣችኝ። እኔም ድካሙ አለ፣ ፋብሪካው አለ፣ ተውኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጃቸው ሰሜን ሥራ አግኝታ እናቷን ይዛ ልትሄድ ሆነ። የሚሄዱ ቀን ወርደን ተሰናበትናቸው። ሴትዮዋ የእናቴን ሁለት እጅ ያዙ። እናቴ ጤናቸውን ጠየቀች፤ ደህና ነኝ አሉ። ሴት ልጃቸውን ጠየቀች፤ ደህና ናት አሉ። እናቴ እዚያ ላይ አቆመች። ሴትዮዋ እጇን አልለቀቁም። ዓይን ዓይኗን እያዩ ቆሙ፤ ልጃቸው ከመኪናው ተጣራች፣ አሁንም ቆሙ። በመጨረሻ ጉንጯን ስመው መኪናው ውስጥ ገቡ።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ እናቴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እየጠበቀችኝ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማ» አልኳት።