የወንድሜ ዓይንና የሳሎኑ ግድግዳ

ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነው። ያረጀ ግድግዳ አንዴ ካየ፣ ያንኑ ቀለም በጥብጦ ከባልዲ ያወጣዋል። መተዳደሪያውም ኩራቱም ይኸው ዓይኑ ነው። ከመሰላል ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ጊዜ ሐኪሟ፣ «አንጎልህ ተናውጧል እንጂ አልደማም። ዕረፍት አድርግ፤ ቀስ እያለ ይድናል» አለችው። እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ተናውጧል» የሚለውን ብቻ ነው።

እኔ ቤት ተኛ። መጋረጃው ተዘግቶ ስለሚውል ጠዋቱ ከማታው አይለይም። በስንጥቅ የገባ ብርሃን ጣሪያው ላይ ሲዋኝ፣ ወንድሜ ተጋድሞ ያየዋል፤ ቤቱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለው ነበር። ማንኪያ ሲወድቅ ይባንናል። የጎረቤት ስም ሲጠፋበት «በቃ፣ አለቀልኝ» ይላል። እኔ ስም ሲጠፋኝ «እንትና» ብዬ አልፋለሁ፤ እሱ ግን በሐሳቡ ቀብሩ ድረስ ደርሶ ይመለሳል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ ነገሩ።

«እታለም፣ ይሄ መጋረጃ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ለእኔ ግራጫ ነው። ዓይኔ ሄዷል።»

«ጋሼ፣ በዚህ ጨለማማ የማን ዓይን ያያል!» ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

ሐኪሟ ቀላል ሥራ ስትፈቅድለት፣ ቁምሳጥን ሲገፋ የተፋቀውን የሳሎኔን ግድግዳ ሊጠግንልኝ ተነሳ። በጠበጠ፣ ቀባ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየ። «ነጣ!» አለ። ቡናማ ጨምሮ ከጎኑ ቀባ፤ አልገጠመም። ቢጫ ጨመረ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በመጨረሻ ጥቁር ሁሉ ጠብ አደረገበት።

ብሩሹን ወረወረና፣ «ለአለቃዬ ደውይለት። ሥራውን ትቷል በይው» አለኝ።

«መጀመሪያ ተኛ» አልኩት። ለመከራከር ስለደከመው ሶፋው ላይ ጋደም አለ።

የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለች ትሄድ ነበር። እኔም ከእግሩ ሥር ተቀምጬ ዓይኔ ከበድ ከበድ አለኝ። የተቀባው ሁሉ ቀለሙን ሲለውጥ ያየሁ መሰለኝ፤ በውኔ ይሁን በሕልሜ እንጃ።

ስነቃ ወንድሜ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ኋላ የቀባቸው ቦታዎች እንደ ጭቃ ጠቁረዋል።

«የመጀመሪያው የታለ?» አለኝ።

ፈለግሁት። በመዳፉ እየዳበሰ እሱም ፈለገው። የተፋቀው ቦታ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ ጠፍቷል።

«ሳይደርቅ ፈረድኩበት እኮ!» አለ። «ቀለም ሲደርቅ እንደሚጠቁር ጀማሪ እንኳ ያውቃል። እንዴት ነው የረሳሁት?» ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሳቀ፣ ቀጥሎ እንባው መጣ። ጀርባውን አሻሸሁት።

«ራስህን ያምሃል?»

«አዎ፣ ያመኛል።»

«ታዲያ ለአለቃህ ምን ልበለው?»

ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ገና ነው በይው። ይጠብቀኝ።»