የመዝለያው ቁልፍ

እህቴ ሰሚራ ቤት፣ ቡፌው ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች ጎን አንድ ያረጀ የቲቪ ጌም ጆይስቲክ ተቀምጧል። ግራጫው ፕላስቲክ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ከኋላው ካሉት ብሎኖች አንዱ ከጠፋ ቆይቷል። አዲስ ሠራተኛ በገባች ቁጥር ቆሻሻ መስሏት ልትጥለው ታነሳዋለች። ሰሚራም «ተይው፣ እሱ የኒካዬ ምስክር ነው» ትላለች። ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። አባ ጋቢና ነጠላ ስለሚነግድ ቤታችን ሁልጊዜ አዲስ ጥጥ ይሸታል። ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ በኩል ሲመጣ ደግሞ ግቢው በሙሉ ያስነጥሳል። ጊዜው ጅዳና ዱባይ የሚመላለስ ሰው የበዛበት፣ ሻንጣ ሲከፈት ጎረቤት የሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር። ጌሙንም ያመጣልን ከጅዳ የመጣ አጎቴ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገጥሞ፣ ወፍራም ካሴት ገብቶበት፣ ጣት የሚያክል አንድ ሰውዬ ይሮጣል። ፊቱ ጉድጓድ ሲመጣ መዝለል አለበት፤ ካልዘለለ ወድቆ ይሞታል። ጨዋታው ይኸው ነው። ለእኛ ግን ከምሳም ይበልጥብን ነበር።

እኛ ማለት እኔና የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልጅ ቢኒያም ነን። እትዬ ዘነበች ከጎጃም መጥተው፣ አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። እኛ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን፤ ሥጋው ይለያይ እንጂ ልጁን ማን የማን ነው ብሎ የሚለይ አልነበረም። እትዬ ዘነበችም ሲቆጡ ለሁለታችንም እኩል ያካፍሉናል።

ክረምት ሲገባ የመዝለያው ቁልፍ መለገም ጀመረ። ጭራሽ ቢሰበር ቁርጣችንን አውቀን እናዝን ነበር፤ እሱ ግን ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይተኛል፣ ልብ ያወልቃል። ተነፈስንበት፤ በላጲስ ፈተግነው፤ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ቆርጠን ለጠፍንበት። ትንሽ ይሠራና ተመልሶ ይለግማል። በመጨረሻ መሳለሚያ ጋ ወዳለ ሬዲዮ ሠሪ ወሰድነው። ሰውየው ከሥራው ቀና ሳይል፣ ውስጡ ቆሽሿል፣ በአልኮል ጠርጋችሁ በደንብ አድርቁት ብሎ መለሰልን። ቢኒያም መንገድ ላይ በደስታ እየዘለለ «አልኮል ከሆነማ እኛ ቤት በጀሪካን ነው ያለው!» አለኝ። ፋርማሲ የሚባል ነገር ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ችግሩ ቀኑ ነበር። ያን ቅዳሜ ሰሚራን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጡ ነበር። ሰሚራ ከአባ ሱቅ ፊት ለፊት የሚነግደውን ከድርን ትወደዋለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር አባ ብቻ ነው፣ እሱም የማያውቅ መስሎ ይሆናል። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ደግሞ የከድር አጎት ሀጂ ነስሩ ናቸው። ለሌላ የወንድማቸው ልጅ የታጨች ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ቢራ ሲጠጣ ታየ ተብሎ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ያፈረሱት እሳቸው ናቸው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ እማ ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ሳይቀር ስታጥብ ከረመች፤ አባም አዲስ ምንጣፍ አስነጠፈ፤ ሰሚራ እህል አልበላ ብሏት ሰነበተች።

እንግዶቹ ከዐስር ሰላት በኋላ ይመጣሉ ስለተባለ ሴቶቹ ሁሉ ማድቤት ናቸው። ሰሚራ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ ክፍል ትለብሳለች። ሳሎኑ ባዶ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ያለው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ መቼ ይገኛል? በካቻቢቴ ጆይስቲኩን ፈታነው። ውስጡ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳና ከታች በኩል ጥቁር የሆኑ ትንንሽ ጎማዎች አሉት። ቢኒያም በሽሮፕ ጠርሙስ ያመጣውን አረቄ በጥጥ እየነከርኩ ስጠርግ የሚወጣው እድፍ ጉድ ነበር። ደስ ብሎን ሳንጨርስ የእማ ኮቴ በር ላይ ተሰማ። ቢኒያም ደንግጦ ሲነሳ ጠርሙሱን በጉልበቱ መታው፤ አረቄው እንዳለ ፍራሹ ላይ ፈሰሰ። ያውም የትኛው ፍራሽ? ለዋናው እንግዳ ተብሎ ከላይ በኩል የተዘጋጀው።

እማ ሳትገባ አለፈች። ውሃ አፈሰስንበት፣ ሽታው ጨመረ። የአባን ሽቶ አምጥቼ ረጨሁበት። አሁን ደግሞ ቤቱ ሽቶ የተቀባ ሰካራም የገባበት መሰለ። መስኮት ልከፍት ስሮጥ ከግቢው በር «አሰላሙ ዓለይኩም» የሚል ድምፅ መጣ። ዐስርን በአቅራቢያችን ካለው መስጊድ ሰግደው ቶሎ መድረሳቸው ነው። ቢኒያም በመስኮት ዘሎ ጠፋ። እኔ የጆይስቲኩን ብልቶች በቀሚሴ ሰብስቤ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ሰሚራ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች። አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ አየችኝ፤ ፊቷ አመድ ሆነ።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። አባ፣ ትከሻው ላይ ለዚያ ቀን ብሎ ከሱቅ ያመጣውን ነጭ ኩታ ጥሎ፣ ሀጂ ነስሩን ወደ ላይ ወደ ላይ ይላል። ሀጂ ተቀመጡ፤ እርጥቡ ላይ። ሰላምታው፣ የጤናው፣ የገበያው ጥያቄ ተጀመረና ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ሀጂ ነስሩ መዳፋቸውን ፍራሹ ላይ አሳርፈው አነሱ፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ወንድሜ ሸምሱ፣» አሉ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ይህ ቤት ይጠጣበታል?»

የአባን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በሕይወቱ አረቄ በእጁ ያልነካ ሰው ነው። «ወላሂ የማውቀው ነገር የለም» አለ። ሀጂ ነስሩ ከዘራቸውን አነሱ። ሳይቆጡ፣ ሳይሳደቡ፣ እንዲያው ቀስ ብለው ሊነሱ ነው። የሰሚራ እጅ ክንዴን ጨመደደው። አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ከዚህ በላይ ማየት አልቻልኩም፤ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውስም። የጌሙን ቁልፍ ላጥብበት ብዬ ነው፣ እኔ ነኝ፣ አባ አያውቅም፣ ማንም አልጠጣም እያልኩ ቀሚሴን ዘረገፍኩ። ጎማው፣ ብሎኑ፣ ሰሌዳው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሀጂ ነስሩ ቆመው አዩኝ። በአረቄ ቁልፍ ሲታጠብ ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው «እስቲ አሳይን» አሉ።

ገጠምኩት። አንዱ ብሎን ጠፋ፤ ተውኩት። ቴሌቪዥኑ እስኪሞቅ ያለው ጊዜ አላልቅ አለኝ። በመጨረሻ የጌሙ ዜማ ያለ ሐፍረት ሽማግሌ በሞላበት ቤት ጮኸ፤ ሰውየውም መሮጥ ጀመረ። ጉድጓዱ መጣ። ቁልፉን ተጫንኩ። አልዘለለም። ወድቆ ሞተ።

ሀጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት የታፈነች ድምፅ ወጣች፤ ሰሚራ ነበረች። የሬዲዮ ሠሪው ነገር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። «አልደረቀም! አድርቁት ብሎን ነበር፣ አልደረቀም!» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

አባ አጠገቤ መጥቶ በርከክ አለ። ያን ጌም የጊዜ ማጥፊያ እያለ ነክቶት የማያውቅ ሰው ጆይስቲኩን ከእጄ ተቀበለኝ። «በምን ነው የሚፈታው?» አለኝ ቀስ ብሎ። ካቻቢቴውን ሰጠሁት። ፈታው። ከዚያ የነጩን ኩታ ጫፍ ያዘና፣ አረቄ የነካውን ሰሌዳ በዚያ ኩታ፣ እህል እንደሚለቅም ሰው እየተጠነቀቀ፣ ጥግ ጥጉን አደረቀው። ጎማዎቹንም አንድ በአንድ ጠረጋቸው። ሽማግሌዎቹ ቆመው ያያሉ። ገጥሞ መለሰልኝና «በይ ሀያት፣ አይዞሽ» አለኝ።

ሰውየው ሮጠ። ጉድጓዱ መጣ። ተጫንኩ።

ዘለለ።

ሁለተኛውንም ዘለለ። ሦስተኛው ላይ ሀጂ ነስሩ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ያዩ ነበር። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጆይስቲኩን ሰጠኋቸው። ሰውየውን የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ጨመሩት። «እኔ ስይዘው ለገመ እንዴ?» ሲሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ አባም ሳቀ። እንግዶቹ ወደ ደረቁ ፍራሽ ተዛወሩ። ሰሚራ ተጠየቀች፣ ተሰጠች፣ ዱዓ ተደረገ። እኔ ጥግ ላይ ጆይስቲኩን ታቅፌ አሚን አልኩ።

ማታ እማ የሚገባኝን ሰጠችኝ፤ እትዬ ዘነበችም በቢኒያም በኩል ድርሻቸውን አልተዉም። አባ ግን ዝም አለ። ኩታውን ራሱ አጥቦ አሰጣ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስቶ አያውቅም ነበር። ሰሚራ ስትስቅበት ተነስቶ ይወጣ ነበር። እንግዳ ፊት አዋርጄዋለሁ፣ ቁስሉ አልዳነም ብዬ ለዓመታት ልቤ ሲከብደኝ ኖሯል።

ዛሬ ግቢያችን የለም፤ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ቢኒያም እዚያው አካባቢ የስልክ መስታወት ይቀይራል። የሰሚራ ልጅ የሚጫወተው በስልክ ነው፤ ቁልፍ የለውም፣ መስታወቱን በጣቱ ዳበስ ሲያደርገው ሁሉም ነገር ይዘላል። የሚለግም ነገር አያውቅም። ሲበላሽ አዲስ ይገዛለታል፤ የሚፈታ፣ የሚጠረግ፣ ከጎኑ በርከክ ብሎ አብሮ የሚጨነቅ ሰው አያስፈልገውም። ምቾት ነው፣ አልክድም። ግን አንዳንዴ ያሳዝነኛል።

ኮሮና የገባ ሰሞን በየቤቱ በር አልኮል ተቀመጠ፤ የእኛም ቤት ሳይቀር። አባ ያኔ አርጅቶ፣ ከአልጋው ብዙ የማይነሳ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላበላው ገብቼ መዳፉ ላይ አልኮል አፍስሼ እያሸሁለት ሳለ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አሸተተ። ዓይኑን ከመዳፉ ሳያነሳ፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ያልጠበቅኩት ፈገግታ መጣ።

«በደንብ አድርቂው እንጂ፣» አለኝ፣ «አይዘልልሽም።»

በነጠላዬ ጫፍ፣ ጣቱን አንድ በአንድ፣ እያለቀስኩ አደረቅሁለት።