ከሞትሁ በኋላ የምጠራበት ስም

ስደተኛ በሌሊት ተደብቆ ይወጣል ይባላል። እኔ ከእስቴ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ አገር እያየኝ። ባሌ አያሌው አህያዋን ጭኖ ደጅ ቆሟል። እኔ ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ለአማቴ ለእማሆይ ጥሩ ላስረክብ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ልጅቱ ጡት የተወችው ገና በቅርቡ ነው። የሻረግ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ስሟን ስጠራ ከየትም ሆና ዞር ትልልኝ ነበር።

እማሆይ ልጅቱን ተቀበሉኝ። አላለቀሱም። ዐይን ዐይኔን እያዩ፣ “ሂጂ እንግዲህ። ጥለሻት የሄድሽውን ልጅ ከእንግዲህ እኔ ባወጣሁላት ስም ነው የምጠራት” አሉኝ።

ወገኖቼ፣ አፌን ታውቁታላችሁ። “እንዳሻዎ ይጥሯት እማሆይ፣ ብቻ አይራባት” አልኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ቤት ገቡ። እኔና አያሌው አህያዋን ነድተን ወደ ጋይንት መንገድ ጀመርን።

ለምን እንደወጣን የማያውቅ የለም። ገብሱን ውርጭ እየደጋገመ መታው፤ የአያሌው ድርሻ መሬትም በወንድማማች ሲከፋፈል ሲከፋፈል በሬ የማያዞር ሆነ። ንፋስ መውጫ ላይ አህያዋን ሸጥን፤ ወልድያ ወረድን፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ፣ ከደሴ አሰብ። ባሕሩን ሳምቡክ በሚሉት ባለ ሸራ ጀልባ ተሻገርን። ጀልባው ሲናጥ አያሌው የገብስ ቆሎውን ከነከረጢቱ ለባሕር ለቀቀው፤ እኔም እሱን ስሰድብ ማቅለሽለሹን ረሳሁት።

የምንሄድበት የዓረብ አገር ኤደን ይባላል። አባቴ መሪጌታ ነበሩና ፊደል ያወቅሁት ከእሳቸው ነው፤ ስሙን ስሰማ ገነት የምንገባ መስሎኝ ነበር። ወርጄ መሬቱን ስረግጠው ምጣድ ነው። ዛፍ የለ፣ ጅረት የለ፣ ሰው የሚተኛው ጣሪያ ላይ ነው። የጉና ብርድ ናፍቆኝ አለቀስሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የሰዎቹ ጸባይም ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲጣላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን አይነጋገርም። እዚህ ጎረቤቶቼ መንደሩ እስኪናወጥ ይጯጯሁና ሳይቆዩ አብረው ሻይ ይጠጣሉ። እስክለምደው ድረስ በየቀኑ ልገላግል እየሮጥሁ እወጣ ነበር።

አያሌው ወደብ ላይ ጭነት አውራጅ ሆነ። አንድ እሑድ ወደ ግቢያችን ሚስተር ራማን የሚባል ሕንዳዊ መጣ። ድሬዳዋ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሮ አማርኛ ለምዷል፤ ብቻ ወንድና ሴት አይለይም፣ ለእሱ ሁላችንም አንተ ነን። ገና ከመቀመጡ፣ “እመቤት፣ አንተ ባልህ ቢሞት ምን ትበላለህ?” አለኝ።

“አፍህ ይያዝልኝ። ሰው ቤት ገብተህ እንዲህ ትላለህ?” አልሁት። ላስወጣው ስነሳ አያሌው፣ “ቆይ አንጓች፣ ሰውየው ይናገር” አለኝ።

ሰውየው ተናገረ። ኢንሹራንስ ይባላል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትከፍላለህ፤ ያቺ ፕሪሚየም ናት። ውሉ የተጻፈበት ወረቀት ፖሊሲ ነው። ውሉ ጸንቶ ሳለ ስትሞት ድርጅቱ ለሚስትህ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይሰጣል።

“ካልሞትሁስ?” አለ አያሌው።

“ካልሞትህ ጥሩ ነው። ትኖራለህ።”

“የከፈልሁትስ?”

“ለሌላ ሰው ሚስት ሄደ። ባሉ ሞተ።”

አያሌው አሰብ አደረገና፣ “እንግዲያ ማኅበር ነዋ። የማላውቀው ሰው ቤት ለቅሶ መድረስ ነው” አለ። እኔ ግን ማኅበሩ አልጣመኝም። ድንኳን ይጥላል? አይጥልም። ንፍሮ ይቀቅላል? አይቀቅልም። ለቅሶ ይቀመጣል? አይቀመጥም። “ታዲያ የምን ማኅበር ነው?” አልሁ። ሚስተር ራማንም ሳይደብቅ ሌላውን ሁሉ ዘረዘረልን። ራስህን ብትገድል አይከፍልም። ሕመምህን ደብቀህ ብትገባ አይከፍልም። ፕሪሚየም ብታቋርጥ ጥቂት ቀን ይታገሥሃል፣ ከዚያ ውሉ ይፈርሳል፤ ሽማግሌ ብትልክ አይሰማህም። ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ አመንሁት፤ የሚያታልል ሰው እንዲህ ያለውን አስቀድሞ አይናገርም።

ሐኪም አያሌውን መርምሮ ደህና ነው ካለ በኋላ ሚስተር ራማን ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። “ስም?” አለ።

አያሌው መልሶ ጠየቀው፤ “ይህ ወረቀት ሥራ የሚጀምረው መቼ ነው?”

“ስትሞት።”

“እንግዲያ ከሞትሁ በኋላ የምጠራበትን ስም ጻፍ። ገብረ መድኅን።”

የአባቱን ስም ሲጠየቅም አባቱ ሞተዋልና ቢያድግ ማለቱን ትቶ በክርስትና ስማቸው ወልደ ሐና አስጻፈ። እኔ ገንዘቡን የምቀበለው በሕይወት ቆሜ ስለሆነ አንጓች ተብዬ ተጻፍሁ። ሚስተር ራማን ግራ ገብቶት ሳቀ፤ ግን ጻፈ። አያሌው የመስቀል ምልክት አድርጎ ፈረመ። እናንተ እንደማትስቁብን አውቃለሁ። በፍትሐት ላይ አያሌው ብሎ የሚጠራ ካህን የት አለ? ከእናንተ ማንም ቢሆን ያንኑ ያስጽፍ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፕሪሚየሟን አንድም ወር አላሳለፍሁም። ሻይ ትተናል፤ እሷን ግን ከፍለናል።

አያሌው የሞተው ወደብ ላይ ነው። የማንሻው ሰንሰለት ተበጥሶ ጭነቱ ወደቀበት። ከዚህ በላይ ልጽፍ አልችልም፣ አትጠይቁኝ። ጨዋታው ነው የጎደለኝ። እስከ ዛሬም አንድ የሚያስቅ ነገር ባየሁ ቁጥር ልንገረው ብዬ ወደ በሩ አያለሁ።

የቤቱ ጌታ ዓረብ “አላህ ያጽናሽ” አለኝና በዚያው ትንፋሽ ኪራዩን ጠየቀኝ። ያገሬ ሰዎች መሳፈሪያ አዋጥተው አገር ቤት ሊሰዱኝ መከሩ። እንቢ አልሁ። ባዶ እጄን ገብቼ የማን መሬት ላይ ልጄን ላሳድግ? እማሆይስ በምን አፌ ልጄን ይስጡኝ እላቸዋለሁ? በኢንሹራንሱ ገንዘብ ግን የልብስ ስፌት መኪና እገዛለሁ፣ ሰፍቼ እያደርሁ የሻረግን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት አስገባለሁ። ይህን በልቤ ቆርጬ ፖሊሲውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ድርጅቱ ሄድሁ።

አለቃው እንግሊዝ ነው። ሚስተር ራማን አጠገቡ ቆሞ ያስተረጉማል። የገንዘብ ጥያቄው ክሌም ይባላል። አለቃው መጀመሪያ ፕሪሚየሙ መከፈሉን አየ፤ ተከፍሏል። አሟሟቱን ጠየቀ፤ አደጋ ነው፣ ውሉ ይሸፍነዋል። ቀጥሎ ከወደቡ የተጻፈውን የሞት ወረቀት ከፖሊሲው ጎን ዘርግቶ ቅንድቡን አነሳ። አንዱ አያሌው ቢያድግ ይላል። ሌላው ገብረ መድኅን ወልደ ሐና።

“አያሌው ማን ነው?” ብሎ አስጠየቀኝ።

“ባሌ።”

“ገብረ መድኅንስ?”

“እሱም ባሌ።”

ሁለቱ ተያዩ። ሚስተር ራማን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “አለቃ ይላል፣ አንተ ሁለት ባል አለህ?” አለኝ።

የክርስትና ስም ምን እንደሆነ አስረዳሁ። አለቃው በትዕግሥት ሰማኝና መለሰ። በአያሌው ሞት ድርጅቱ አዝኗል፤ አያሌው ግን ደንበኛቸው አይደለም። ገብረ መድኅን ደንበኛቸው ነው፤ እሱ ደግሞ መሞቱ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ፕሪሚየሙን መክፈሉን ይቀጥል።

“ገብረ መድኅንን ካገኛችሁት ወደ ቤት ላኩልኝ” አልሁ። ሚስተር ራማን ይህን አላስተረጎመውም።

በማግስቱ አባ ተክሌን ይዤ ተመለስሁ። አባ የስማዳ ሰው ናቸው፣ እዚህ ያለነው ሐበሾች ሁሉ የነፍስ አባት። አለቃው፣ ቄሱ ያገሯ ሰው ነው፣ ያደላላታል አለ። ደግሞ ሄድሁ። “ቱሞሮ” አለኝ። ቱሞሮ ነገ ማለት ነው ይላሉ፤ እዚያ ቢሮ ግን ወዲያ ሂጂ ማለት ነው። እኔም በየማለዳው እየሄድሁ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሚስተር ራማን ሲወጣ ያዝሁት።

“የሸጥህልን አንተ ነህ። ስሙን ሲያስጽፍ ሰምተሃል። ለምን አትመሰክርም?”

“እኔ ለብዙ ሰው እሸጣለሁ” አለኝ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። “የሞተ ሰው ያ ሰው ነው ብዬ እንዴት እምላለሁ? ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬ ጠፋ። እኔም ልጆች አለኝ።”

አልፈረድሁበትም። “እሺ፣ አርባው እሑድ ነው። ለቅሶ ድረስ” አልሁት ብቻ።

ይመጣል አላልሁም ነበር። መጣ። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት ላቡ እየወረደ፣ ከግቢው ጥግ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ባይኖረንም ፍትሐቱን አባ ተክሌ ግቢው ውስጥ አደረሱት። እንደ አገራችን ልማድ የአያሌውን ጋቢ፣ የወደብ ኮፍያውንና አንዲቱን ፎቶግራፉን መሐል ላይ አቁመናል። ሴቶቹ “አያሌው፣ አያሌው” እያሉ ደረት ይመታሉ፤ አባ በበኩላቸው “ነፍሰ ገብርከ ገብረ መድኅን” እያሉ ይደግማሉ።

ሚስተር ራማን አጠገቡ የቆመውን፣ አያሌውን ያሠራ የነበረውን የወደቡን ካቦ፣ “ስንት ሰው ሞተ?” ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ።

“አንድ።”

“ሁለት ስም ይጠራል።”

“አንዱ የእኛ ነው። አንዱ የእግዜር” አለው ካቦው።

ሚስተር ራማን ወደ ፎቶግራፉ ተጠጋ፤ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። “ይህ ሰው ነው” አለኝ። “ከሞትሁ በኋላ የምጠራበትን ስም ጻፍ አለኝ። እኔ ቀልድ መሰለኝ። ሳቅሁበት።” ከዚያም ከሴቶቹ ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጠሁት፤ በላ። ለቅሶ የማይደርሰው ኢንሹራንስ ለቅሶዬን ደረሰ።

በሳምንቱ እሱ፣ ካቦውና አባ ተክሌ ዳኛ ፊት ቀርበው፣ እያንዳንዱ በየእምነቱ ማለ። አለቃው ከዚያ ወዲያ አልተከራከረኝም፤ በውሉ የተጻፈውን ሳያጎድል ከፈለኝ፤ እጄንም ጨበጠኝ። የስፌት መኪናዋን እዚሁ ገዛሁ፤ የልጄን መማሪያ እስካጠራቅም እሰፋለሁ። አሁንም እሷ ላይ ተደፍቼ ነው ይህን የምጽፈው።

በስደት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ፖሊሲ ስትገቡ ሁለቱንም ስም አስጽፉ፤ ለሥራ የምትጠሩበትንም፣ ለነፍስ የምትጠሩበትንም። የሚሸፍነውን ከመጠየቃችሁ በፊት የማይሸፍነውን ጠይቁ። ያመማችሁን አትደብቁ። ሻይ ቢቀር ይቅር፣ ፕሪሚየም አይቅር።

እኔም በራሴ ስም ልገባ ሚስተር ራማንን አስጠራሁት። አንጓች አልሁት፣ ወለተ ኪዳንም አልሁት፤ አሁን ነገሩ ስለገባው ሁለቱንም ጻፈ። “አንተ ስትሞት ገንዘብ ማን ይቀበላል?” አለኝ።

“ልጄ።”

“ስም?”

የሻረግ ልል አፌን ከፍቼ ቆምሁ። ተቀባይ በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው የሚጻፈው ሰው በሚጠራው ስም ነው። የሻረግ ብሎ የሚጠራት ሰው ግን አገር ቤት ቀርቷል ወይ?

“ሌላ ስም አለው?” አለ ሚስተር ራማን።

“ሳይኖራት አይቀርም።”

“ማን ይባላል?”

“እንጃ።”

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። “አንተ እናቱ አይደለህም?” አለኝ። ክፋት አልነበረውም፣ ግራ ገብቶት ነው።

“ቦታውን ክፍት ተወው” አልሁት።

“ክፍት አይቻልም። አለቃ አይቀበልም።”

“ይቀበላል። እስኪሞላ ድረስ አልሞትም በለው።”

ይህን ጽሑፍ በደሴ ነጋዴዎች እጅ ልኬዋለሁ። መካነ ኢየሱስ ደርሶ ያነበበው ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወደ እማሆይ ጥሩ ቤት ጎራ ይበልልኝ። አያቷ ምን ብለው እንደሚጠሯት ይስማና ይጻፍልኝ፤ ምንም ቢሆን ያንኑ አስጽፋለሁ፣ አልከፋም። ከመመለሱ በፊት ግን ልጅቱ ደጅ ስትጫወት ከኋላዋ ሆኖ አንድ ጊዜ የሻረግ ብሎ ይጥራልኝ። ዞር ካለች፣ እሱንም ይጻፍልኝ።