አይቼው የማላውቀው ቀለበት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለ አስቴር ዓይን ግን አፌ አልከፈት ብሎኛል። ላንተ ለአንባቢው የደፈርኩት ፊትህን ስለማላይ ይሆናል።

ኮምፒዩተርን ማንም አላስተማረኝም። እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ራሴን አስተማርኩ። ጂንካ ውስጥ በየቢሮው ከሚጽፉት ስንቶቹ የእኔ ተማሪዎች ናቸው። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ስለ ልጁ ትኩሳት ሳይቀር ጠይቆኝ ይሄድ ነበር፤ እኔም እመልሳለሁ። “አላውቅም” ብዬ አላውቅም። ኃጢአቴም እዚያ ላይ ነው።

አስቴር ከጎፋ መጥታ ጽሕፈት ቤቴ በጸሐፊነት ተቀጠረች። ከጠዋት እስከ ማታ ስክሪን ላይ ናት። ዓይኗ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣታል፣ ፊደሉ ይደበዝዝባታል። ይህ የሁላችንም ነው፤ ቀና ብለው ተራራውን ትንሽ ቢያዩ ይተዋል። አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር አመጣች።

“ጋሼ፣ አምፖሉን ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ከቦብኛል። ግንባሬንም ይወጋኛል። ሐኪም ቤት ልሂድ እንዴ?”

“ይለመዳል፣” አልኳት። “እኔም ስጀምር እንዲሁ ይታየኝ ነበር።”

ዋሸሁ። እኔ ቀለበት አይቼ አላውቅም። ለምን ዋሸሁ? ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልል፣ ያን ቀን ሥራ አልነበረም። አለማወቄን እንዳታውቅብኝ ነው የዋሸሁት።

ቃሌን አምና ወራት ቆየች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ቀኝ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። “ስክሪን ዓይን ያደክማል እንጂ ይህን አያደርግም፤ የዓይን ግፊት ነው። ቀለበቱን እንዳየሽ ብትመጪ እናድነው ነበር፣” አሏት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ሳትወቅሰኝ። እንዲያውም፣ “እርስዎ ዕድለኛ ነዎት ጋሼ፤ ያው ቀለበት ታይቶዎት ተረፉ፣” አለችኝ። ወደ ስክሪኔ ዞርኩ።

ዛሬ የራሷ ጽሕፈት ቤት አላት። ሰሞኑን መጥታ፣ “ይህ በሽታ ተደብቆ ይቆያል አሉኝ። ሰኞ ለምርመራ እወስድዎታለሁ፤ እምቢ ካሉ አዝዬዎት እሄዳለሁ፣” አለች።

ሰኞ ነገ ነው። ባጃጅ ደጄ ላይ በቆመ ቁጥር ልቤ ይመታል። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ሐኪሙ፣ “ቀለበቱን መቼ አዩት?” ቢለኝ ምን እላለሁ? እንደገና ልዋሽ?

ምክንያት አልደረድርም። አስቴር፣ አላውቅም ማለት ሲገባኝ ዋሸሁሽ፤ ዓይንሽ በእኔ ጠፋ። ይህን ወረቀት ነገ ሐኪሙ ጋ ሳንደርስ፣ ባጃጁ ውስጥ እሰጥሻለሁ። በአንድ ዓይንሽ እንዳትቸገሪ ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ።