ፊሽካው የእህቴ ባል

የእህቴን ባል አልወደውም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ኋላ አንባቢ ራሱ ደርሶበት እንዳያማኝ ብዬ ነው። እሱም እኔን አይወደኝም። ፊት ለፊት ሲያገኘኝ "እትዬ" ይለኛል፤ ዞር ስል ግን "ያቺ ነገረኛ" እንደሚለኝ የገዛ ልጆቹ ነግረውኛል።

ሰፈሩ በሙሉ "ፊሽካው" ነው የሚለው። በአዘቦት ቀን ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። የእጅ ባትሪውን ይዞ ከግቢ ግቢ ይዞራል፣ በየጓሮው አጎንብሶ የቆጣሪውን ክዳን ይከፍታል፣ የሸረሪቱን ድር በጣቱ ይጠርግና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። የቤቱ ባለቤት "ምነው በዛ?" ካለች "እኔ አልጠጣሁት" ብሏት ይሄዳል። እሁድ እሁድ ደግሞ ጥቁር ቁምጣና ጥቁር ካልሲ አድርጎ የሰፈር ኳስ ይዳኛል። ሳምንቱን የሰው ውሃ፣ እሁድን የሰው ጥፋት ሲቆጥር ይኸው ፀጉሩ ሸበተ።

ሐቁን ለመናገር፣ ጉቦ አይበላም። ተሰድቧል፣ በውሃ ጠርሙስ ተመትቷል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ደጋፊዎች አባረውት መድኃኒት ቤት ገብቶ ከባንኮኒው ሥር ተደብቋል። ውሳኔውን ግን አልቀየረም። ይህ ለሜዳ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ግን ልብ አውልቅ ነው። ልጆቹ በአንድ ነገር ሲከራከሩ መዳፉን ያነሳና "ተወስኗል" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወዲያ ወዲህ የለም። እህቴ የሳሎኗን መጋረጃ እንኳ የመረጠችው እሱ ቆጣሪ ሊያነብ በወጣበት ነው።

ሜዳችን አጥር የለውም። ተመልካቹ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ አንዳንዴም መስመሩን አልፎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ፊሽካው አንድ ሕግ አወጣ፦ ዳኛ ተመልካችንም በቀይ ካርድ ማስወጣት ይችላል። ካርድ ያየ ሰው አስፋልቱን ተሻግሮ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ጨዋታው አይቀጥልም። መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ጨዋታው እንዲቀጥልለት ሲል ካርድ ያየውን እየገፋ ማስወጣት ጀመረ። ፊሽካው በዚህ ሕግ የሚኮራውን ያህል በልጆቹ ሲኮራ አላየሁትም።

በዚያ ዓመት ትልቋ ልጁ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ነበር። የምትሄደው ሰኞ ጠዋት ነው። እሁዱ ደግሞ የግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት የመጨረሻ እሁድ ሆነ። ልጅቷ አባቷን አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፦ "አባ፣ አንድ ቀን አራታችንም አብረን ሐይቅ እንሂድ።" ሳስበው፣ እነዚያ ልጆች ከአባታቸው ጋር አንድም ቀን ሽርሽር ወጥተው አያውቁም። ፊሽካው ምን ነካው፣ ልቡ ራራና እራሷን ዳበስ አድርጎ "ለአንድ እሁድ ፊሽካ አልነካም፣ ሙች!" አላት። እህቴ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ማታውኑ እኔ ቤት መጥታ ቅርጫት ተዋሰች። እኔንም ካልመጣሽ ብላ ያዘችኝ።

ቅዳሜ የሰፈሩ የስፖርት ኮሚቴ የእነእህቴን በር አንኳኳ። ተተኪው ዳኛ ታምሜያለሁ ብሏል፤ ዱላውን ፈርቶ እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። ፊሽካው ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ሳሎን ተመለሰና "የፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ በጊዜ ይጀመራል፣ በጊዜ ያልቃል። እናንተም ዕቃችሁን ይዛችሁ ሜዳ ኑ፣ ከዚያው በቀጥታ እንሄዳለን" አለ። እህቴ ቅርጫቱን መሙላቷን ቀጠለች። እኔ ብሆን ቅርጫቱን አናቱ ላይ እደፋው ነበር።

እሁድ ጠዋት አቧራው እንደ ጉድ ይጨሳል። ሰዉ ጃንጥላና ምንጣፍ ይዞ፣ ሕፃናት አዝሎ ሜዳውን ከቦታል። በአንደኛው ወገን የሰፈሩ ልጆች የሣሏቸው ሥዕሎች ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥለዋል። ትንሿ ልጃቸው ቤተሰቧን ሥላ ነበር፤ አባቷ አፍ የለውም፣ በአፉ ቦታ ፊሽካ አለ። ይህን አይቶ "ጥሩ ነው፣ ካልሲው ግን ጥቁር ነው መሆን ያለበት" ብሏት አለፈ። የተከራየነው ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል።

የመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለአንድ አለቀ። በዕረፍቱ የሰፈሩ የቲያትር ክበብ ወጣቶች ጎኑ የተከፈተ የጭነት መኪና ላይ ወጥተው አጭር ቀልድ አሳዩ። ከመካከላቸው አንዱ ጥቁር ቁምጣውን እስከ ደረቱ ስቦ ወጣና ለሚያልፍ ለሚያገድመው፣ ለጎረቤቱ ዶሮ ሳይቀር ካርድ አሳየ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ሳቁ። እህቴም ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት ሆኖኛል። ፊሽካው መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ አያት። ፊቱ ጠቆረ።

ሁለተኛውን አጋማሽ በዚያው ፊት ዳኘ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ተጫዋቾቹ እግራቸው ተሳስሮ ኳስ መከተል አቃታቸው። መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ ውጤቱ ያው አንድ ለአንድ ነው። ሁለቱ አምበሎች ተያይዘው መጡና "ጋሼ፣ ተስማምተናል። ዋንጫውን እንካፈል፤ ስድስት ወር እነሱ፣ ስድስት ወር እኛ" አሉት። የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩምባውን ያስጮኻል፤ ከዚህ በላይ መጠበቅ እንደማይችል ቀድሞ ልኮብናል። ትልቋ ልጅ ቅርጫቱን አንስታ ቆመች። ፊሽካው ሹፌሩንም ሰማ፣ ልጁንም አየ። ከዚያ መዳፉን አነሳ። "ዋንጫ አይከፈልም። ጭማሪ ሰዓት ትጫወታላችሁ" አለ።

ደሜ ፈላ። እኔ አፌን ሳልከፍት ግን እህቴ ተነሣች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት መስመሩን አልፋ ሜዳው ውስጥ ገባች።

"ልጅህ ነገ ትሄዳለች" አለችው። "ነገ! ተጫዋቾቹ ራሳቸው በቃን እያሉህ አንተ የማንን ጨዋታ ነው የምትጫወተው? ቃልህን የበላህ አንተ፣ ማንን ልትዳኝ ነው?"

ሰዉ ሁሉ ወደ ፊሽካው ዞረ። ጥሩምባው እንኳ ቆመ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገር፣ "ይቅርታ" እንኳ ባይል፣ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ለአንዱ አምበል ቢሰጥ፣ እኔ ራሴ ከልቤ እወደው ነበር። እጁን ወደ ኋላ ኪሱ ሰደደ። ሚስቱን በቀይ ካርድ አስወጣት።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ከኋላ "ውጪ እንጂ፣ ጨዋታው ይቀጥል!" የሚል ድምፅ መጣ። ለዓመታት ቡናና ስኳር አብረዋት ሲዋዋሱ የኖሩ ጎረቤቶቿ በክንዳቸው ገፋ ገፋ ያደርጓት ጀመር። ከዚያ በፊት ሰው ጠልቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አይደለም። ትልቋ ልጅ መጣችና የእናቷን እጅ ያዘች። ትንሿ ምንጣፉን ጠቀለለች። አራታችንም አስፋልቱን ተሻግረን ሚኒባሱ ውስጥ ገባን። ገና በሩ ሳይዘጋ የፊሽካውን ድምፅ ሰማን፤ ጨዋታው ቀጠለ።

ሐይቁ ዳር ዳቦና እንቁላል በላን። ትንሿ ዋኘች። ትልቋ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ ውሃውን ታይ ነበር፤ እናቷ በማያስቅ ነገር ሁሉ ትስቃለች።

ስንመለስ ፊሽካው ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። እግሩን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፏል። ማን አሸነፈ ተብሎ መጠየቅ እንዳማረው ከፊቱ ያስታውቃል። የሚጠይቀው ጠፋ።

"እኔ ያስወጣሁት እሷን ብቻ ነው" አለ በመጨረሻ። "እናንተ ለምን ወጣችሁ?"

"የኔ ተራ እስኪደርስ ልጠብቅ ነበር?" አለችው ትልቋ።

"ሕግ ነው ልጄ። ሚስቴ ስለሆነች ባልፋት ነገ ማን ያከብረኛል?"

"ማንም" አለች እህቴ ከጓዳ። እሱም አገጩን ቀና አድርጎ እግሩን ከውሃው አወጣ፤ የተረታ አልመሰለውም።

በማግስቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘናት። ፊሽካው ሻንጣዋን ተሸክሞ፣ ከሹፌሩ ረዳት ጋር ተጨቃጭቆ ጥሩ ቦታ አስጫነላት። ልጅቷ እኔን ሳመችኝ። እህቷን አቅፋ አለቀሰች። የእናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ አለች፤ ረዳቱ "እንሂድ!" እስኪል ድረስ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። ጉንጩን ሊሰጣት ጎንበስ ብሎ ነበር።

እጇን ዘረጋችለት። ጨዋታ ሲያልቅ፣ የተሸነፈ ተጫዋች ለወጉ ያህል ዳኛውን እንደሚጨብጠው።

ልማድ ሆኖበት ቶሎ ጨበጣት። ምን እንደጨበጠ የገባው እሷ ደረጃውን ወጥታ መስኮቱ ጋ ከተቀመጠች በኋላ ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ ለእናቷ እጇን አውለበለበች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ትመለሳለች አይደል?"

"እናቷን ልትጠይቅ ትመጣለች" አልኩት።