አስቀድሞ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ

በሰዓት ጠጋኞች ማኅበር ውስጥ በዕድሜ ትንሹ አባል ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሦስት የልጅ ልጆች አይቷል፣ ጉልበቱን ብርድ ሲነካው ያቃስታል፤ ማኅበርተኞቹ ግን «ልጁ» ከማለት ሌላ ስም አላወጡለትም። ጸሐፊ የሆነውም በዚሁ ጦስ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት «ማን ይጻፍ?» ተባለ። «ልጁ ይጻፋ!» ተባለ። አለቀ።

ልጁ ታዲያ ሞኝ አይደለም። ሁለት ጉባኤ እንደተቀመጠ ነገሩ ገባው። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለሚያፈሰው ጣሪያ ይናገራሉ። የማኅበሩ አንጋፋ ጋሽ እምቢ ጣሪያው መጠገኑንም አለመጠገኑንም ይቃወማሉ። ሻይ ይመጣል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን በስብሰባው ዕለት ጠዋት ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጽፈው ጀመር። ስብሰባው ላይ የሚጽፍ መስሎ ዶሮ ይስላል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንዴም አልተሳሳተም፤ የጋሽ እምቢን ሳል እንኳ በቦታው ያስገባል።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። አሥረኛው አባል ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ተዉና ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ደንቡ ደግሞ አባላቱ ከአሥር ካነሱ ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባኤው ይፈርሳል ይላል። ልጁ ወረቀቱን ዘርግቶ «ማኅበሩ ፈ» ድረስ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ። ያንን የሚያፈስ ክፍል፣ እነዚያን ነዝናዛ ሽማግሌዎች ለካ ይወዳቸው ኖሯል።

«ምነው?» አለች ሚስቱ።

«ማኅበሩ መፍረሱን ልጽፍ ነው።»

«ሌላ ነገር ጻፋ።»

«ያልሆነውን እንዴት አድርጌ?»

«አንተ ደግሞ! እስከ ዛሬ የትኛው ሆኖ ነው የጻፍከው?»

አዲስ ወረቀት አወጣና «የስልክ ጠጋኞች በአባልነት እንዲገቡ ተወሰነ» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌዎቹ የስልክ ጠጋኞችን ማየት አይወዱም፤ ሰው ሰዓት ማሰር የተወው በእነሱ ነው ባዮች ናቸው። ልጁ ግን አንዴ ገባበት። «ጋሽ እምቢ በሦስት ምክንያት ደገፉ» ብሎ ጨመረ፤ ምክንያቶቹንም ዘረዘረና ብቻውን ሳቀ። ልቡን ሊያጽናና እንጂ ለሰው ሊያሳየው አላሰበም። ወረቀቱንም ካለፉት ዓመታት ቃለ ጉባኤዎች ጋር ማኅደሩ ውስጥ ከተተው።

ጉባኤው የሚጀመረው ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ በማንበብ ነው። ልጁ ከማኅደሩ መዘዘና ለሊቀመንበሩ ሰጠ። የሰጠው የዛሬውን መሆኑን ያወቀው ማንበብ ከጀመሩ በኋላ ነው።

«…ጋሽ እምቢ በሦስት ምክንያት ደገፉ» ብለው አነበቡ ሊቀመንበሩ።

«እኔ? ደገፍኩ?» አሉ ጋሽ እምቢ።

«ተጽፏላ!»

«እስቲ ምክንያቶቼን ድገሙልኝ።»

ተደገሙላቸው። አንደኛ፣ ሁለቱም ባለሙያዎች አቀርቅረው ስለሚውሉ አንገታቸውን ያማቸዋል። ሁለተኛ፣ ብሎን ሲወድቅባቸው ሁለቱም ወለል ላይ ይድሃሉ። ሦስተኛ፣ የስልክ ጠጋኞች ወጣቶች ናቸውና ጣሪያ ላይ መውጣት ይችላሉ።

«ግሩም አድርጌ ተናግሬያለሁ!» አሉ ጋሽ እምቢ። «በተለይ ሦስተኛው!»

ከዚያ ሁሉም ልጁ ላይ ወረዱበት። ተወስኖ ሲያበቃ ዓመት ሙሉ ለምን አልተፈጸመም? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ተባለ። ጸሐፊው እሱ ስለሆነ ማስጠንቀቂያውንም ራሱ እንዲጽፍ ታዘዘ።

ዝም ቢል ማኅበሩ ይድን ነበር። አላስቻለውም።

«አልተወሰነም» አለ። «ዛሬ ጠዋት እኔ የጻፍኩት ነው። ሁልጊዜም አስቀድሜ ነው የምጽፈው፤ ምን እንደምትሉ ስለማውቅ።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ሁሉንም ቆጠቆጠቻቸው። ጋሽ እምቢ ሲነሱ ልጁ በልቡ አለቀልን አለ።

«ይሄ ልጅ ምን እንደምንል ያውቃል አሉ» ብለው ጀመሩ። «እንግዲያው ዛሬ የማያውቀውን እናሳየው! ደግፌያለሁ! ያውም ራሴ፣ በገዛ አፌ!» እጃቸውን አወጡ። የቀሩትም እየተያዩ አወጡ።

ሐሳባችንን ሳንቀይር ብለው ወዲያው ተነስተው በዚያው ሕንፃ ኮሪደር ጫፍ ወዳለችው ስልክ ጠጋኝ ሄዱ። ወጣቷ ዘጠኝ ሽማግሌ በሯን ሲሞላው ደነገጠች።

«አባቶቼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጡበትን ነገሯት።

«ማኅበሩ ምን ይሠራል?» አለች።

ተያዩ። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሁሉም ዞረው ልጁን አዩት፤ እሱም ምንም የጻፈው አልነበረም።

«እስካሁን ስለ ጣሪያ እናወራለን» አለ። «ከአሁን በኋላ የሚሠራውን አብረን እናስባለን። ደግሞ… ሱቅሽ ተዘግቶ ከዋለ፣ ምን ሆና ነው ብለን እንመጣለን።»

ልጅቷ ባለፈው ወር ታማ ስምንት ቀን ዘግታ ነበር። አንድ ሰው አልጠየቃትም። የምትበይድበትን ከሶኬት ነቀለች።

«ስብሰባው መቼ ነው?»

«አሁን ነዋ!» አሉ ጋሽ እምቢ፤ ወንበሯንም ራሳቸው ተሸከሙላት።